ፉክክርና ምቀኝነት

«የፉክክር ቤት ሳይዘጋ ያድራል» ይላሉ አበው። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ሁለት ሰዎች አንዱን ሥራ «አንተ ሥራው፣ አንተ ሥራው» እየተባባሉ ቢተዉት ሥራው ሳይሠራ ይቀራልና። ይሁን እንጂ ፉክክር ሁሉ ጎጂ ነውን? እኔ አይደለም እላለሁ። ለአስተያየቴ ማስረጃ ይሆነኝ ዘንድ በእንግሊዝ አገር አሮጌ የስፖርት መኪና ያላቸውን ሰዎች ልማድ አቀርብላችኋለሁ።

ኤም ጂና ትራያምፍ ለብዙ ዘመን የተፎካከሩ የመኪና ስሞች ናቸው። የኤም ጂ ፋብሪካ በአቢንግደን፣ የትራያምፍ ደግሞ በኮቨንትሪ ይገኝ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም. የወጣው ኤም ጂ ቢ እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። የእርሱ ሞተር ባለ አራት ሲሊንደር ሲሆን፣ የትራያምፍ ቲ አር 6 ሞተር ግን ባለ ስድስት ነበር። በ1968 ዓ.ም. ሁለቱ ስሞች ብሪቲሽ ሌይላንድ በተባለ አንድ ኩባንያ ሥር ተጠቃለሉ። በ1980 ዓ.ም. የአቢንግደን ፋብሪካ ተዘጋ፤ በ1981 ዓ.ም. ደግሞ የመጨረሻው የትራያምፍ ስፖርት መኪና ተሠራ።

ፋብሪካዎቹ ሥራቸውን ቢያቆሙም የባለመኪናዎቹ ፉክክር አልቆመም። በ1930 ዓ.ም. የተመሠረተው የኤም ጂ ክበብ ዛሬም አለ፤ የትራያምፍ ቲ አር ወዳጆችም በ1970 ዓ.ም. የራሳቸውን ማኅበር አቁመዋል። ባለቤቶቹ ሲገናኙ አንዱ በሞተሩ ጉልበት ይመካል፤ ሌላው በመኪናው ጠባየ መልካምነት ይመልስለታል። «ከመኪናህ ሥር ዘይት ካልተንጠባጠበ፣ ዘይቱ አልቋል ማለት ነው» እየተባባሉም ይቀላለዳሉ።

ነገር ግን አንደኛው መንገድ ላይ ቢቆምበት፣ ሲያላግጥበት የነበረው ሰው የመፍቻ ሣጥኑን ይዞ ይደርስለታል። የሁለቱም መኪናዎች የኤሌክትሪክ ዕቃ በአብዛኛው ሉካስ ከተባለ አንድ አምራች የመጣ ስለሆነ፣ ዛሬ የባልንጀራው መብራት ቢጠፋ ነገ የእርሱም እንደሚጠፋ ያውቃል። ከዚህም በላይ ተፎካካሪው ከመንገድ ቢወጣ የእርሱ መኪና ከማን ጋር ይመዛዘናል? መለዋወጫውን የሚሠራውስ ባለሙያ ፈላጊው ሲያንስበት ሥራውን አይተውምን?

አንዳንዶች «ይህ የባለጸጎች ጨዋታ ነው» ይሉ ይሆናል። አሮጌ መኪና መያዝ ገንዘብ እንደሚጠይቅ አልክድም። ሌላውን ለማሳፈር ሲል ብቻ ውድ ዕቃ የሚገዛ ሰው ካለም አላመሰግነውም። ሆኖም እዚህ የምንመረምረው የሰዎቹን ጠባይ ነው፤ ጠባይ ደግሞ በሀብታምም በድኻም ቤት ይገኛል።

እናንተም በትምህርት ትፎካከራላችሁ። ጓደኛውን ለመብለጥ ሌሊት ተነሥቶ የሚያጠና ተማሪ ይመሰገናል፤ ጓደኛው እንዳያነብ ደብተሩን የሚደብቅ ግን ራሱንም ይጎዳል፤ ደካሞችን በልጦ አንደኛ መውጣት ዕውቀት አይጨምርምና። ስለዚህ ሁለቱን ለመለየት፣ «ተፎካካሪዬ ቢወድቅ ደስ ይለኛልን?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሳችሁ «አዎን» ከሆነ ፉክክሩ ምቀኝነት ሆኗል። «እጄን ዘርግቼ አነሣዋለሁ፤ ከዚያም እንደገና እወዳደረዋለሁ» ካላችሁ ግን፣ እንዲህ ያለው የፉክክር ቤት ማታ በሩን የሚዘጋለት ሰው አያጣም።