መረቡ ውስጥ የገባውን ማን ይመዝግበው?

ዶልፊንና ዓሣ ነባሪ በዓሣ መረብ ተጠልፈው ሲሞቱ የሚቆጥር ሰው ይኑር አይኑር የሚለው ክርክር ባሕር ያላቸው አገሮች ጉዳይ ይመስላል። አሶሳ ተቀምጦ ላየው ግን ሩቅ አይደለም። የሕዳሴው ግድብ ጉባ ላይ ያስተኛው ንጋት ሐይቅ ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ዶልፊን የለበትም፤ አዞና አርጃኖ ግን የዓባይ ነባሮች ናቸው። መረብ የተጠለፈ አርጃኖ አየር ሊስብ መውጣት ሲያቅተው ታፍኖ ይሞታል፤ ዶልፊንም የሚሞተው እንዲሁ ነው።

ይህን መመዝገብ ዛሬ ቅንጦት ነው የሚሉ ሰዎች ያለ ነገር አይናገሩም። አዲስ ግድብ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዓሣው ይበዛል፤ ውሃ የዋጠው ሣርና ቁጥቋጦ ሲበሰብስ ሐይቁን ያዳብረዋልና። ሥራ ያጣ ወጣት ተበድሮ መረብ በገዛበት ሰዓት ቅጽና ተቆጣጣሪ መደርደር እንጀራውን መንጠቅ ነው ይላሉ። የተቆጣጣሪው ደመወዝና ነዳጅስ ከየት ይመጣል?

ሌላው ወገን ጣናን ይጠቅሳል። በሞተር ጀልባ መረብ ጥሎ ማስገር እዚያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ነጭ ዓሣ ሊራባ ወደ ጉማራና ርብ ሲወጣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቀዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ መጠኑ ሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ። ይህን ያወቅነው ቀድሞ የለካ ስለነበረ ነው።

እኔም ወደዚህ አደላለሁ። የአውሮፓን መንገድ ግን አልመኝም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ደንብ መደበኛ ታዛቢ እንዲሳፈር ያዘዘው 15 ሜትርና ከዚያ በላይ በሆኑ ጀልባዎች ላይ ነበር፤ አብዛኞቹ ባለመረቦች ደግሞ ከዚያ ያነሱ ናቸው። ዴንማርክ ውስጥ ካሜራ ሲገጠም አስጋሪዎቹ ከመዘገቡት የበለጠ ሟች ታየ። ሁሉም ዋሽተው አይደለም፤ መረቡ ሲሳብ ተላቆ የሚሰምጠውን ከጀልባው ሆኖ ማየት ይከብዳል።

ታንኳ ላይ ታዛቢ አይሳፈርም፤ ካሜራውም ለእኛ ውድ ነው። ዓሣው በሚወርድባቸው ጥቂት ቦታዎች የመረቡ ዓይን ስፋት፣ ውሃ ውስጥ ያደረበት ሰዓት፣ ከዓሣ ሌላ የገባበት ነገር ቢጻፍ ይበቃል። የጎደለ ይኖረዋል፤ ይሁን። አንድ ነገር ብቻ ይጠበቅ፦ አርጃኖ ገደልኩ ብሎ የተናገረ አስጋሪ አይቀጣ፤ ከተቀጣ ሁለተኛ የሚናገር የለም። የክልሉ ግብርና ቢሮና አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ዓሣው ሳይመናመን፣ ዘንድሮ መዝገቡን ይክፈቱ።