ቤታችንን ከመሸጣችን በፊት እናስመርምረው
ርዕሰ አንቀጽ



ሰሞኑን በየበሩ «ይህ ቤት ይሸጣል» የሚለው ጽሑፍ በዝቷል። መሸጥ የባለቤቱ መብት ነውና ማኅበራችን በዚህ ላይ የሚለው የለም። ነገር ግን ከሽያጭ በኋላ የሚነሣው ክርክር ሽማግሌ ፊት እየመጣ የሠፈሩን ሰላም ስለሚነካ ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም።

አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው በቀለም ነው። ደላላው «አቦ፣ ቀባ ቀባ አድርገው በቃ!» ይላል፤ ሻጭም የተሰነጠቀውን ግድግዳ በጂፕሰም ይደፍናል፣ ኮርኒሱ ላይ ያለውን የዝናብ እድፍ በነጭ ይሸፍናል። ገዢ መጥቶ ካርታውን ያያል፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ያጣራል፣ ቀብድ ይከፍላል። ክረምት ገብቶ የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ ግን እውነቱ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ስልክ አይነሣም፣ ሰላምታም ይቀራል።

እንደሚታወቀው ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ በከተማ መሬት እንደ ግል ንብረት አይሸጥም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ይህንኑ አጽንቷል። ሻጭ ከይዞታ መብቱ ጋር ዋጋ የሚጠይቅበት ነገር ጣሪያው፣ ግድግዳው፣ ቧንቧውና ሽቦው ነው። ታዲያ ወረቀቱን ብቻ አገላብጦ ቤቱን ሳይመረምሩ መሸጥና መግዛት ምን ይባላል?

ሕጉም ቢሆን ለደባቂ አያግዝም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ሻጭ ጉድለቱን እያወቀ በተንኰል ከሸሸገ ደግሞ ውሉ ላይ «ኃላፊ አይደለሁም» ብሎ ማጻፉ አያድነውም። በአንጻሩ ገዢ ጉድለቱን አውቆ ከገዛ በኋላ በዚያው ጉድለት ሊከስ አይችልም። እንግዲህ እውነቱን መናገር ከሁሉ በላይ የሚጠብቀው ሻጩን ራሱን ነው።

ምርመራው ከባድ አይደለም። በእኩለ ቀን መስኮትና በር ዘግቶ ኮርኒስ ውስጥ ወይም ቆርቆሮው ሥር ቀና ማለት ነው፤ የድሬ ፀሐይ በየሚስማሩ ቀዳዳ ከገባች ዝናቡም ይገባል። የበርና የመስኮት መቃኑን መታ መታ ማድረግ፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ምስጥ በልቶታል። ቧንቧውን ሁሉ ዘግቶ የውሃ ቆጣሪውን ማየት፤ እየዞረ ከሆነ የሚፈስ አለ። ከከርሰ ምድር የምናገኘው ውሃ የማንቆርቆሪያችንን ሆድ ነጭ ድንጋይ እንደሚያለብሰው ሁሉ የድሮ ቧንቧዎችንም ያጠባል። ለአምፖል ብቻ የተዘረጋው አሮጌ ሽቦ ዛሬ ፍሪጅ፣ ቬንትሌተርና የኤሌክትሪክ ምጣድ ተሸክሟልና የመብራት ባለሙያ ይየው። ስንጥቁ የሚያልቅበት ላይ በእርሳስ ምልክትና ቀን መጻፍ ነው፤ ስንጥቁ ምልክቱን ካለፈ መሐንዲስ ይጠራ። የሽንት ቤቱ ጉድጓድም አይረሳ።

ከሁሉ በላይ የጎርፍ ነገር አለ። በሐምሌ 1998 መጨረሻ፣ ሌሊት፣ ከደጋው የወረደው ውሃ ደቻቱን ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን እንደወሰደ የማያስታውስ የለም። ከዚያ ወዲህ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ሆኖም ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ የሚያይ እንግዳ ገዢ ውሃው እስከየት እንደደረሰ በምን ያውቃል? ግድግዳው ላይ የቀረውን የውሃ ምልክት ቀብቶ ዝም ማለት ጠባይ ብቻ ሳይሆን ነፍስም ያጠፋል። ልጆቹን የት እንደሚያስተኛ፣ ዝናብ ሲመጣ ወዴት እንደሚወጣ ማወቅ አለበት።

«ጉድለቱን ከተናገርኩ ዋጋው ይወርድብኛል» የሚሉ አሉ። ይወርድ ይሆናል። ግን የጥቂት ቆርቆሮ መለወጫ ቀድሞ ቢወጣ፣ ገዢ ሰበብ አድርጎ የሚቀንሰውን ብዙ ገንዘብ ያስቀራል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

ስለዚህ ቤቱን ለመሸጥ ያሰበ ሁሉ አስቀድሞ የታመነ ግንበኛ፣ የቧንቧና የመብራት ሠራተኛ ጠርቶ ያስመርምር። የሚጠገነውን ይጠግን፤ የቀረውን በአንድ ወረቀት ጽፎ ገዢው እንዲፈርምበት አድርጎ ከውሉ ጋር ያያይዝ። ገዢ የሆናችሁም ይህን ወረቀት ለመጠየቅ አትፈሩ።

ሻጩ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፤ ገዢው ግን ነገ እድርተኛችን ነው። ለቅሶ አብሮን የሚቀመጥ፣ ልጆቹ ከልጆቻችን ጋር የሚጫወቱ ጎረቤት ነው። ወደ ሠፈራችን የሚገባበት የመጀመሪያ ቀን በቅሬታ እንዳይጀመር አደራ እንላለን።