ነፃ ነው፤ መዋጮ ግን አለው

ከሰሜኑ ጦርነት በፊት ነው። ጳጉሜን ላይ የእህቴን ልጅ ዜሮ ክፍል ላስመዘግብ ከወረኢሉ ከተማ ወጣ ብላ ወደምትገኝ አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ሄድሁ። ከፊቴ የተሰለፈችው እናት አንዱን ልጅ አዝላለች፤ ስድስት ዓመት የሚሆናት ሴት ልጇ ደግሞ ጋቢ ተከናንባ ቀሚሷን ይዛለች። መዝጋቢው የልጅቱን ስም ጻፈና «መዋጮውስ?» አለ።

«ኧረ ወንድምዓለም፣ ነፃ ነው ብላችሁን አልነበር?»

«ትምህርቱማ ነፃ ነው፣ እታለም። መዋጮው ለአስተማሪዋ ነው።»

ከኋላ የቆምነው ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። መቀነቷን ፈታ ከቋጠሮው የተጣጠፈ ብር አወጣችና ቆጥራ ሰጠችው። የመዋዕለ ሕፃናት ድጎማ ነገር በተነሳ ቁጥር ያቺ መቀነት ትዝ ትለኛለች።

ደሴም ሆነ አዲስ አበባ ክረምት ሲገባ ወሬው ሁሉ የኬጂ ክፍያ ጭማሪ ነው። መንግሥት ለወላጅ ክፍያውን ይደጉም የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ጭንቀታቸው ይገባኛል። ግን አዲስ አበባ እንኳ ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደንብ ልብስ፣ ደብተርና ምገባ አይታለች። ኬጂ የሚባል ነገር በሌለበት የገጠር ቀበሌስ የክፍያ ድጎማ ማንን ሊደጉም ነው?

ነገሩ የቆየ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ነፃ ሲያደርግ ከዚያ በታች ያለውን በአመዛኙ ለግል ባለሀብት፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለረድኤት ድርጅቶች ተወው። ባለሀብት ደግሞ ወረኢሉ ገጠር ድረስ ብርድና ውርጭ ሊቀምስ አይመጣም። ስለዚህ ልጅ ሰባት ዓመት እስኪሞላው ጥጃና ግልገል ይጠብቃል፤ ዕድል የቀናው የኔታ ዘንድ ይውላል። እኔም የዋልሁት እዚያ ነው፤ ጽድ ጥላ ሥር፣ ድንጋይ ላይ፣ ሀሁን በስንጥር እየጠቆምሁ። ወሎ ነውና የጎረቤታችን ልጅ በዚያው ሰዓት ሉሁን ታቅፎ ወደ ሼሁ ይሄድ ነበር፤ ማታ ማን የበለጠ በቃሉ እንደያዘ እንፎካከራለን። እናቴ ለየኔታ ገብስ ትሰፍር ነበር። እርግጥ ነው፣ ያኔም የሚከፍለው ወላጅ ነው። ነፃ ነው ያላት ሰው ግን አልነበረም።

ዜሮ ክፍል በስፋት የመጣው በ2002 ዓ.ም የቀዳማይ ልጅነት የፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ በኋላ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። በየቀበሌው ያለው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ይለቃል፤ የስድስት ዓመት ልጆች ለአንድ ዓመት ፊደልና ቁጥር እየለመዱ፣ እየተጫወቱ ለ1ኛ ክፍል ይዘጋጃሉ የሚል ነበር። የትምህርት ቤት ድጎማ የሚባለው ገንዘብም በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ይመጣል። ችግሩ ድጎማው ለደሞዝ እንዲውል የታሰበ አለመሆኑ ነው። ጠመኔ ይገዛል፣ ምንጣፍ ይገዛል፣ የተሰበረ መስኮት ያስጠግናል። ደሞዝ የወረዳው በጀት ጉዳይ ነው፤ የወረዳው በጀት ደግሞ ከ1ኛ ክፍል ወዲያ ያሉትን መምህራን ከፍሎ ሲጨርስ ባዶ ነው። እኔ በቆምሁበት ሰልፍ ላይ የዜሮ ክፍሏ «አመቻች» አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ቤት የተቀመጠች የሰፈር ልጅ ነበረች። ደሞዟ የሰልፈኛው መቀነት ነው።

ምኒልክ በ1888 ዓ.ም ለአድዋ ሲከትቱ ሠራዊቱን በጥቅምት እኩሌታ የቀጠሩት እዚሁ ወረኢሉ ነበር። ቀኑንና ቦታውን የቆረጡት ንጉሡ ናቸው፤ ስንቁን ግን በአብዛኛው የያዘው ባለአገሩ ነው። ለጦርነት ያስኬድ ይሆናል። ፊደል ለማስቆጠር ግን መንግሥት ቀን ቆርጦ ስንቁን ለድሃ እናት መተዉ ደግ አይመስለኝም።

ጋና በ2007 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለቱን የመዋዕለ ሕፃናት ዓመታት ነፃና ግዴታ ከሆነው መሠረታዊ ትምህርት ጋር ደመረቻቸው። የእኛም የ2015ቱ አዲስ ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል። ሁለት ዓመት ማለት ሁለት አስተማሪ ነው። ማን ይከፍላቸዋል?

ገንዘብ የለም ይሉኛል። እውነት ነው። ጦርነቱ ኅዳር 2014 ዓ.ም ወረኢሉ ድረስ ገብቷል፤ ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት ደግሞ ሚሊዮኖችን ከትምህርት ገበታ አስቀርቷል። ዜሮ ክፍልን ሳያዩ ሰባትና ስምንት ዓመት የሞላቸው ልጆች እነሆ በየደጁ አሉ። እነዚህ ሲመለሱ 1ኛ ክፍል ገብተው ፊደል ሲጠፋባቸው ነው ጥለው የሚሄዱት፤ ድሮም ቢሆን ልጅ በብዛት የሚያቋርጠው 1ኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ትንሽም ብር ብትገኝ እኔ የምለው ይኸው ነው፤ የክፍያ ድጎማው ይቆይና የዜሮ ክፍሏ አስተማሪ በወረዳው የደሞዝ መዝገብ ትግባ።

የዚያች አመቻች ነገር። በጥር ፓስፖርቷ ደረሰና ወደ ዓረብ አገር ሄደች፤ ማን ይፈርድባታል? ልጆቹም ተበተኑ። የእህቴን ልጅ ቤት አስቀምጠን እኛው ሀሁ እናስቆጥረው ጀመር። ያቺን እናት ገበያ ላይ አገኘኋት፤ ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ «ወንድምዓለም» አለችኝ፣ «እስከ ሰኔ ነበር የከፈልሁ፤ የቀረውን የሚመልሰው ማነው?»