ድመቷ እያሟረተች ነው ወይስ እየተጣራች?

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት እያነባች መጣችብኝ። የፍቅር ጉዳይ መስሎኝ ወንበር አቀረብኩላት። ለካስ የድመት ነው!

«ተከራይ ነኝ» አለችኝ። «አልጋዬ ሥር ድመት አራት ወልዳለች። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ እየዞረች ትጮኻለች። አከራዬ እትዬ ‹ታሟርትብናለች፤ እስከ ቅዳሜ ከነልጆቿ ካላወጣሻት አንቺም ትወጫለሽ› አሉኝ።»

«ከልጆቿ ያነሳሽው አለ?» ስላት አቀረቀረች። ሁለቱን ለጎረቤት ሰጥታለች። ዕድሜያቸውስ? 3 ሳምንት!

መቼም እኔ ከድመት ጋር ስለኖርኩ ጠባይዋን አውቃለሁ። የድመት ልጅ ሲወለድ አያይም፤ ጆሮውም ገና ድፍን ነው። እናቲቱ ስታጠባ ኩርርር የምትለው ታዲያ ለማን ነው? ለልጆቿ ነዋ! ባይሰሙትም የገላዋ ንዝረት ይደርሳቸዋል። ጆሯቸው ሲከፈት ሌላ ድምፅ ትጨምራለች፤ አፏን ሳትከፍት ከጉሮሮዋ «እርርም» የምትላት አጭር ጥሪ፣ «መጣሁ፣ ኑ» እንደማለት ነች። ልጆቹ ከጎሬያቸው ሳይወጡ የእናታቸውን ጥሪ ከሌላ ድመት ጥሪ ይለያሉ። ካጉረመረመች ደግሞ አደጋ አለ ማለት ነው፤ ልጆቹ ባሉበት ጭጭ ይላሉ ወይም ይበታተናሉ። አይጥ ይዛ ስትመጣ የምታሰማው ጩኸትም አለ፤ እሱ እንኳ ትንሽ ከፍ ካሉ በኋላ የሚመጣ ትምህርት ነው።

የዚች የሌሊቱ ግን ረዥም ነው፤ አንዴ በር ሥር፣ አንዴ አልጋ ሥር እየሄደች ትጮኻለች። ሟርት አይደለም። የጠፉባትን እየፈለገች ነው።

«አሁኑኑ ሄደሽ መልሻቸው» አልኳት። ቢያንስ 8 ሳምንት እስኪሞላቸው ከእናት አይለዩም። የላም ወተት እንሰጣቸዋለን የምትሉም ተዉ፤ ያስቀምጣቸዋል፣ እንዲህ ጨቅላ ሆነው ደግሞ ተቅማጥ ይገድላቸዋል። ስትመልሻቸውም ካርቶኑን ከቦታው አታንቀሳቅሺ፤ ከተረበሸች ማጅራታቸውን ነክሳ አንድ በአንድ ሌላ ቦታ ታሸሻቸዋለች።

ሐሙስ ደወለችልኝ። አንደኛው ተመልሷል፤ እናቲቱ ገና ድምፁን ስትሰማ «እርርም» ብላ ሮጣ ላሰችው። ሌላኛው ግን ጎረቤት ቤት የላም ወተት ሲጠጣ ሰንብቶ ሞቷል። ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ተቆረጠ፤ እኔም የምላት ጠፋኝ።

እትዬ እንኳ ሌሊቱን እንቅልፍ ስላገኙ ቅዳሜን ወደ ወር መጨረሻ አዛውረውላታል።