ሽንት ጨርቁን ማን ያጥበው?

በዚህ ከተማ ጨርቅ የታሰረለት ሕፃን ሲታይ የሚወረወረው ቃል አንድ ነው፤ «ምነው፣ ዳይፐር መግዛት አቃታችሁ እንዴ?» አራስ ጠያቂው ይለዋል፣ ጎረቤት ይለዋል፣ ፎቶ ከተለጠፈ ደግሞ ኮሜንት ላይ የማናውቀው ሰው ሁሉ ይለዋል። ዛሬ ለዚህ ቃል መልስ ልስጥ ብዬ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

መጀመሪያ ስሙን እንየው። በአማርኛ «ሽንት ጨርቅ» ነው የምንለው። ጨርቅ! የእኔ ዕድሜ ሰው ባረጀ ነጠላና በአቡጀዲ፣ ከላይ በፕላስቲክ ፓንትና በመርፌ ቁልፍ ነው ያደገው። ፓምፐርስ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ የአንድ ፋብሪካ ምርት ስም የዕቃው ሁሉ ስም ሆነና የእናቶቻችን ጨርቅ የድህነት ማስረጃ ተደርጎ ቁጭ አለ።

ልጄ ወንድ ነው፤ ስድስተኛ ወሩን ይዟል። ቀን ቀን ጨርቅ፣ ማታ አንድ ዳይፐር ያደርጋል። ጨርቁን የማጥበው እኔ አባቱ ነኝ። ይህን የምነግራችሁ እንድታጨበጭቡልኝ አይደለም። ጨርቅን የሚቃወም ክርክር ሁሉ ሲጨመቅ መጨረሻው «ማን ያጥበዋል?» የሚል ጥያቄ ስለሆነ ነው። እሱን ጥያቄ ሳንነካ ስለ ዋጋና ስለ ጤና ብቻ ብናወራ መሸዋወድ ነው የሚሆነው።

እስቲ ከብሩ እንጀምር። አዲስ የተወለደ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ጊዜ ይቀየርለታል፤ ከፍ ሲል ወደ 5 እና 6 ይወርዳል። በ6 እንያዘው። በወር 180፣ በ24 ወር 4,320 ዳይፐር ማለት ነው። አንዱን 15 ብር እንበል። በወር 2,700 ብር፣ በሁለት ዓመት 64,800 ብር። እናንተ ሰፈር ዋጋው ሌላ ከሆነ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡበት። ከዚያ የወር ደመወዛችሁን አጠገቡ ጻፉና እዩት።

ብሩ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ዕቃው ውድ ሲሆን ቤተሰቡ መቆጠብ ይጀምራል፤ የሚቆጥበው ደግሞ በልጁ ቆዳ ነው። «ገና አልሞላም»፣ «አሁን ነው የቀየርኩለት»፣ «እስከ ማታ ይቆይለት» ይባላል። ጠዋት የታሰረው ከሰዓት ድረስ ይቆያል። እናትየው ጨካኝ ሆና አይደለም፤ በፈታች ቁጥር 15 ብር ስለምትጥል ነው። ከዚያ ቂጡ ይቀላል፣ ይላጣል፣ ቅባት ፍለጋ ፋርማሲ ይኬዳል፤ ሌላ ወጪ!

ኬሚስትሪ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ይቺ የእናንተ ናት። ሽንት ውስጥ ዩሪያ አለ። ሰገራ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ዩሪየዝ በሚባለው ኤንዛይም ዩሪያውን ሰባብረው አሞኒያ ያወጣሉ። አሞኒያ ደግሞ ቤዝ ነው፤ ፒኤቹን ከፍ ያደርጋል። ጤነኛ ቆዳ ጥቂት አሲዳማ ነው። ፒኤቹ ከፍ ሲል ከሰገራው ጋር የወጡት ፕሮቲንና ስብ የሚፈጩ ኤንዛይሞች ይነቃሉ፤ የሚፈጩት ሲያጡ የሕፃኑን ቆዳ ይጀምራሉ። ስለዚህ ጠላታችን እርጥበቱ፣ ሰገራውና ሰዓቱ ሲገናኙ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ዳይፐር ውስጥ ያለው ሶዲየም ፖሊአክሪሌት የሚባለው ዱቄት ሽንቱን መጥጦ እንደ ጄል ያደርገዋል፤ ቆዳውን ከጨርቅ በተሻለ ደረቅ አድርጎ ያቆያል። እርጥብ ጨርቅ ልጅ ላይ ትቶ መሄድ ከዳይፐር ይብሳል። የጨርቅ ጥቅሙ ሌላ ነው። ልጁ ሲያርሰው በእጅህ ታውቀዋለህ፤ ለመቀየር ደግሞ ኪስህን አትዳብስም። «ይቆይለት» የሚባል ሰበብ ይቀራል። ጨርቅ የሚያስር ሰው ይህን ካላደረገ ግን እኔን ምስክር አድርጎ አይጥራ።

ሁለተኛው ቆሻሻው ነው። ዳይፐር በአብዛኛው ፕላስቲክ ነው። አይበሰብስም፣ ቢቃጠል ጭሱ መርዝ ነው፣ ቦይ ውስጥ ሲጣል ውሃ መጥጦ አብጦ ይዘጋዋል። በ2017 ዓ.ም ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ሲያጸድቅ ሁላችንም «ደግ አደረጉ» አልን። ሰገራ የተጠቀለለበትን ፕላስቲክ ግን ማንም አላነሳውም። ይከልከል እያልኩ አይደለም፤ ለብዙ እናት እፎይታ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን «ጣልኩት» ስንል የት ነው የጣልነው? ከየበራችን በማዳበሪያ የሚሰበስቡት፣ በእጃቸው የሚለዩት የሰው ልጆች ናቸው፤ አብዛኞቹም እናቶች። ከዚያ ወደ ቆሼ ይሄዳል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ያ የቆሻሻ ተራራ ተደርምሶ ከመቶ በላይ ሰው ቀብሯል። ተራራውን ዳይፐር ብቻ አልሠራውም። ግን እያንዳንዳችን ቤት የሚወጣው ነገር የሆነ ሰው ሰፈር እንደሚቆለል ከዚያ ቀን በኋላ አላውቅም ማለት አይቻልም።

«ማጠቡም እኮ ውሃና ኃይል ይፈጃል፤ ፈረንጆቹ ራሳቸው አጥንተውታል» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ አጥንተውታል። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት አንድ ልጅ በሁለት ዓመት ተኩል የሚጠቀመው ዳይፐር ወደ 550 ኪሎ ግራም የካርቦን ልቀት ሲኖረው ጨርቁ 570 ገደማ ነበረው። እሱን ይዘው የሚሮጡ ሰዎች ግን ቀጣዩን ገጽ አያነቡም። ጨርቁን ገመድ ላይ ካሰጣችሁት፣ ማሽኑን ሞልታችሁ ካጠባችሁና ለሁለተኛ ልጅ ከተጠቀማችሁበት ልቀቱ በ200 ኪሎ ያህል ይወርዳል ይላል ያው ጥናት። እንግዲህ ንገሩኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ስንቶቻችን ነን ማድረቂያ ማሽን ያለን? የእኛ ማድረቂያ ጠዋት በምሥራቅ ይወጣል፤ ቆጣሪም የለው።

የውሃውን ነገር ግን አላቃልለውም። በፈረቃ፣ በሳምንት አንዴ ውሃ የሚመጣበት ቤት ያለች እናት ዳይፐር ብትጠቀም አልፈርድባትም። ማንም አይፍረድባት! እንደ አቅም ቀን ጨርቅ፣ ማታና መንገድ ላይ ዳይፐር ማድረግ ይቻላል። በቀን ሁለት ዳይፐር ማስቀረት ራሱ በወር 60 ነው።

አሁን ወደ ወንድ ልጅ ልምጣ፤ ኢንቦክስ የምትጠይቁኝም ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ ወሬውን እንዝጋው። «ዳይፐር ወንድ ልጅን መሀን ያደርጋል» የሚል ነገር በየጊዜው ይዞራል። ለጨርቅ የቆምኩ ሰው ብሆንም ይህን አልቀበልም። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ የጀርመን ጥናት 48 ወንድ ሕፃናትን ለክቶ፣ ፕላስቲክ ሽፋን ያለው ዳይፐር ሲያደርጉ የዘር ፍሬ አካባቢ ሙቀት ከጨርቁ ይልቅ ከፍ እንደሚል አግኝቷል። የለካው ሙቀት ነው፤ ልጆቹ አድገው መውለድ አለመውለዳቸውን አልተከታተለም። በዚህ እናት ማስፈራራት ነውር ነው። ጨርቁንም ቢሆን በፕላስቲክ ፓንት አፍኖ ማሰር ልጁን ማሞቅ ነው።

ቀጥሎ አስተሳሰሩ፦

1. ወንድ ልጅ ወደ ፊት ነው የሚሸናው። ጨርቁን ስታጥፉ ተጨማሪውን ድርብ ከፊት አድርጉት። ለሴት ልጅ እንደሚደረገው መሃል ላይ ብቻ ካደረባችሁት ሆዱ ድረስ ይርሳል።

2. ከማሰራችሁ በፊት ብልቱን ወደ ታች አድርጉት። ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ከዞረ ሽንቱ በወገቡ በኩል ይወጣል። ግማሹ «ጨርቅ ያፈሳል» የሚባለው አቤቱታ ከዚህ የሚመጣ ነው።

3. ስትፈቱት ትንሽ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። ቀዝቃዛ አየር ሲነካው ይለቀዋል፤ ፊታችሁ ላይ!

4. ስታጥቡት ከላይ ብቻ እጠቡት። ያልተገረዘ ከሆነ ሸለፈቱን ወደ ኋላ አትሳቡ። በስምንተኛው ቀን ያስገረዛችሁት ከሆነ ቁስሉ እስኪድን ላላ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፤ ጨርቁ እንዳይጣበቅበት ምን እንደሚቀባ የገረዘውን ባለሙያ ጠይቁ።

5. ወገቡ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቦታ ይኑረው። ጭኑ ላይ ቀይ መስመር ካወጣ ጠብቋል።

ምረጡ ስባል የምለው ይኸው ነው። ከ20 እስከ 24 ጨርቅ ካላችሁ በየሁለት ቀኑ ማጠብ ይበቃል። ጥጥ ይሁን። ያረጀ ነጠላና ያረጀ አንሶላ ከአዲስ ጨርቅ ይሻላል፤ ለስልሷል፣ ይመጥጣልም። አዲስ አቡጀዲ ፋብሪካው የቀባው ስታርች ስላለበት ሦስት አራት ጊዜ ሳይታጠብ ውሃ አይዝም፤ በመጀመሪያው ቀን አስራችሁት «አይረባም» አትበሉ። ኪስ ያላቸውን ዘመናዊዎቹን የምትገዙ ደግሞ፣ ውስጣቸው የሚገባው ማይክሮፋይበር የሚባለው ጨርቅ በቀጥታ ቆዳ አይንካ፤ የቆዳውን ወዝ ይመጥጣል። የውጪውን ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን አትቀቅሉ፣ አትተኩሱ፤ ይላጣል።

አጠባው እንዲህ ነው። ሰገራውን ሽንት ቤት አራግፉ። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ፣ ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ ከዚያ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ ማለቅለቅ። ማለስለሻ አትጨምሩ፤ ጨርቁ ላይ ሽፋን ሠርቶ እንዳይመጥጥ ያደርገዋል። እኛ ቤት በእጅ ነው የሚታጠበው፤ የሁለት ቀኑ በሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያልቃል፤ የመጨረሻውን ንጹሕ ማለቅለቂያ አስቀምጠን ለቀጣዩ የመጀመሪያ ዙር እንጠቀምበታለን። ዘፍዝፋችሁ የምትተዉ ከሆነ ባልዲው ክዳን ይኑረው፤ የሚድህ ልጅ ባለበት ቤት ክዳን የሌለው ባልዲ አደጋ ነው።

ይህቺን ደግሞ ደጋግሜ እናገራለሁ። ሽንት ያለበትን ጨርቅ በረኪና ውስጥ አትዘፍዝፉ! አሞኒያና በረኪና ሲገናኙ ክሎራሚን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በር ዘግታ የምታጥብ ልጅ ሳል ሲይዛትና ዓይኗ ሲያቃጥላት «ብርድ መታት» የሚባለው አንዳንዴ ይኼው ነው። ለእድፉ ፀሐይ ይበቃዋል፤ ነጭ ያወጣዋል።

እዚህ ጋ ወደ ርዕሴ ደረስኩ። ያቺ በር ዘግታ የምታጥበው ማን ናት? ወይ የ40 ቀን አራስ ናት፣ ወይ ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ ናት። አባወራው ፌስቡክ ላይ «የጥንቱ ይሻላል፣ እናቶቻችን በጨርቅ አሳደጉን» ብሎ ይጽፋል፤ እጁ ግን ባልዲ አያውቅም። እንዲህ ዓይነት የጨርቅ ደጋፊ አልፈልግም። በሌላ ሰው ወገብ የሚቆጠብ ብር ቁጠባ አይባልም። እሱ ሳያጥብ ሚስቱን «ዳይፐር አበዛሽ» የሚል ወንድ ካለ፣ ዝም ብሎ ዳይፐሩን ይግዛ።

«ሥራ አለብኝ፣ አይመቸኝም» ይባላል። ሕጉም አላገዘንም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲሰጥ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው። ሦስት ቀን! ሕጉ ራሱ ሽንት ጨርቅ የወንድ ጉዳይ እንዳልሆነ ነግሮናል። ቢሆንም ለሁለት ቀን ጨርቅ እኔን የሚወስድብኝ አርባ ደቂቃ ገደማ ነው። የአንድ ግማሽ ኳስ ጨዋታ እንኳ አይሞላም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

የሕፃናት ማቆያ የምትመሩ ወዳጆቼም አላችሁ። አንድ ማቆያ «ጨርቅ አንቀበልም፣ ለሌሎች ወላጆች ደስ አይልም» ብሎናል። ንጽሕናን ምክንያት ቢያደርግ እከራከረው ነበር፤ የታሸገ ቦርሳ ላክ ቢለኝ እልክ ነበር። «ደስ አይልም» ግን የክፍል ልዩነት ነው፤ ልጆች ገና ሳይናገሩ በታሰረላቸው ነገር መለየት ነው።

አራስ ልትጠይቁ የምትሄዱም ስሙኝ። የዳይፐር እሽጉን ይዞ መሄድ ደግ ነው፤ በሳምንት ግን ያልቃል። በምትኩ አሥር የታጠበና የታጠፈ ለስላሳ ጥጥ ውሰዱ። ወንድ ከሆናችሁ ደግሞ ገንፎውን በልታችሁ ከመነሳታችሁ በፊት አባትየውን ወደ ጓሮ ጠርታችሁ «ባልዲው የት ነው?» በሉት። የማያውቅ ከሆነ አሳዩት።

የማትስማሙ ጻፉልኝ፤ እመልሳለሁ። ከመጻፋችሁ በፊት ግን አንዲት ነገር አስቀድሙ፤ እናንተ ቤት የሚያጥበው ማን እንደሆነ።