ባንዳውን ማን ይጫወት?

ባለፈው ሚያዝያ፥ እኔ በማስተምርበት በአምቦ ተማሪ ቤት፥ የአርበኞችን ቀን ምክንያት በማድረግ ተማሪዎቼ አንድ አጭር ቴያትር ለማሳየት ተሰናድተው ነበር። የታሪኩን መነሻ ከሩቅ አላመጡትም። በደንዲ የተወለዱት ጃገማ ኬሎ ጠላት አገራችንን በያዘ ጊዜ፥ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳሉ ዱር ገብተው እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ተዋግተዋል። «የበጋው መብረቅ» የተባሉት በዚህ ነው። ኋላም እስከ ሌተና ጄኔራልነት ደርሰው በ2009 ዓ.ም. አረፉ።

እንግዲህ ልጆቹ ሁሉ ጃገማን ለመሆን ተሻሙ። ባንዳውን የሚጫወት ግን ጠፋ። አንዱ «እናቴ ታየኛለች» አለ፤ ሌላው «ቅጽል ስም ሆኖብኝ ይቀራል» ብሎ ሸሸ። በመጨረሻ አንድ ዝምተኛ ልጅ ከኋላ እጁን አወጣ። ማታ ብቻዬን ሲያገኘኝ እንዲህ አለኝ፤ «መምህር፥ በእኛ ቤት ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። አንዱ ጫካ ገባ፤ ሁለተኛው ለጣሊያን አስተርጓሚ ሆኖ አደረ። ስለ አርበኛው ሁልጊዜ ይወራል፤ የሌላውን ስም ግን አያቴ አንድ ቀን እንኳ ስትጠራ አልሰማሁም።»

ይህ ነገር አየርላንዶችን አሳሰበኝ። እነርሱም ብዙ ዘመን በእንግሊዝ ሲገዙ ኖረው፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1916 በደብሊን ከተማ በፋሲካ ሰሞን ለነፃነታቸው ተነሡ። ከዚያ ጊዜ የጦር መሪዎች አንዱ የነበሩትና ሞት ተፈርዶባቸው የተረፉት ዴ ቫሌራ፥ በሰኔ 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ተገኝተው የዓለም መንግሥታት ማኅበር ኢትዮጵያን ሳያድን መቅረቱን በምሬት ተናግረዋል።

ከአመፁ 10 ዓመት በኋላ፥ በ1926፥ የደብሊኑ ተወላጅ ሾን ኦኬዚ «ማረሻውና ከዋክብቱ» የሚል ቴያትር በአቢ ቴያትር ቤት አሳየ። በዚያ ቴያትር ውስጥ ጀግኖች ብቻ አልነበሩም፤ የሚፈራ፥ የሚጠጣ፥ ሱቅ የሚዘርፍም ነበረ። ሕዝቡ ተቈጣ፤ ዘመዶቻቸውን በአመፁ ያጡ ሴቶች ሳይቀሩ ተነሥተው ጮኹ። ቍጣቸው ይገባኛል፤ ሐዘናቸው ገና አልደረቀም ነበርና። ቴያትሩ ግን እስከ ዛሬ ይታያል። እንዲሁም ስለ አየርላንዶች የነፃነት ትግል የተሠራውና በ2006 በካን የመጀመሪያውን ሽልማት ያገኘው የኬን ሎች ሲኒማ፥ ባዕዱን አብረው ሲወጉ የቆዩ ሁለት ወንድማማቾች በስምምነቱ ተለያይተው፥ አንዱ ሌላውን እስከ ማስረሸን መድረሱን ያሳያል።

ወደ እኛ ልመለስ። በተማሪዎቼ ድርሰት ባንዳው አንዲት ቃል አይናገርም ነበር፤ ተይዞ ይመታል፥ ይወድቃል፥ አለቀ። ዝምተኛው ልጅ «ለምን እንዳደረ ይናገር» ብሎ ለመነ። ጓደኞቹ «ማናገር ይቅር ማለት ነው» ብለው ተከራከሩ። ሁለት ቀን ከተሟገትን በኋላ ጥቂት ቃል ሰጠነው፤ ይኸውም መጀመሪያ አንድ ወረቀት ብቻ እንዳነበበላቸው፥ ቀጥሎ አንድ ስም ብቻ እንደ ነገራቸው፥ ከዚያ ወዲያ መመለሻ እንዳጣ ይናገራል።

በበዓሉ ቀን ባንዳው ገና ብቅ ሲል ተመልካቹ ሳቀ። መናገር ሲጀምር ግን ሳቁ ቆመ። የልጁ አያት ከፊት ተቀምጠው ነበር፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው አዩ።

አንባቢ ሆይ፥ ባንዳነትን መረዳት ባንዳነትን ማጽደቅ አይደለም። ጃገማን እናከብራለን፤ ነገር ግን የጃገማ ዕድል የሚገጥመው ከመካከላችን ስንቱን ነው? «አንድ ወረቀት ብቻ» የሚለው ፈተና ግን በየጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ለእያንዳንዳችን ይቀርባል።

የቴያትር ሰው አገራችን አላጣም። እዚሁ አምቦ አጠገብ፥ በቦዳ የተወለዱት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በሐምሌ 1928 ዓ.ም. የተረሸኑትን የአቡነ ጴጥሮስን ሰማዕትነት «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ብለው በመድረክ አቁመውልናል። ያን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች ግን ዛሬ በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። እርስዎም በዚህ ክረምት ወደ ጊንጪ፥ ወደ ጉደር ወይም ወደ ጌዶ ሲወርዱ አንድ ደብተር ይዘው ይሂዱ። ስለ አርበኛው ከጠየቁ በኋላ፥ ስሙ ስለማይጠራው ወንድምም ቀስ ብለው ይጠይቁ።