ፍራሽ ሥር ያለው መሣሪያ

የሩዝ አጨዳው እንዳለቀ ከወረታ ወጣ ብሎ በጉማራ ወንዝ አቅራቢያ ከሚኖረው ልጄ ቤት ሄጄ አደርኩ። ማታ የአራት ዓመት የልጅ ልጄን ላስተኛ ፍራሹን ሳስተካክል እጄ ብረት ነካ። ክላሽ ነው። ልጄን ጠርቼ ጠየቅሁት፤ ጥይት ጎርሷል።

«እማዬ፣ ሌባ እስካቀባብል ይጠብቀኛል እንዴ?» አለኝ።

አልተቆጣሁትም። በፎገራ ሜዳ ከብትና እህል ያለው ሰው እንቅልፉ ቀላል ነው፤ ጊዜውም የምታውቁት ነው። ግን የአያቱን ቤት አስታወስኩት።

እኔ ያደግሁት ውጅግራ በተሰቀለበት ቤት ነው። ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ፣ ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር የሚወፍር፣ ዓድዋም የዘመተ ጠመንጃ ነው። የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው፤ ሌላ ለመተኮስ እንደገና ማጉረስ ያስፈልጋል። አባቴ ጠመንጃውን ባዶውን ምሰሶ ላይ ይሰቅለዋል፤ ዝናሩ እናቴ ሣጥን ውስጥ፣ ቁልፉ እናቴ መቀነት ላይ ነው። ቤታችን ያለ ጠባቂ አላደረም፤ እኛ ልጆችም በደህና አደግን። የዛሬው ክላሽ ግን በካዝናው 30 ጥይት ይዞ ከልጆች ጋር ይተኛል።

በነርስነት ዘመኔ በጥይት ተመተው ከመጡልኝ ሰዎች ሌባ የመታቸው ጥቂት ናቸው። የሚበዙት ሲወለውሉ የባረቀባቸው፣ ሰርግ ላይ የተመቱ፣ ልጅ የነካው መሣሪያ ያገኛቸው ናቸው። አንዲት እናት አልረሳም። የሰባት ዓመት ልጇ ጓዳ ውስጥ የአባቱን መሣሪያ ሲነካካ ባረቀበት። ጥይቱ የጭቃውን ግድግዳ በስቶ እንጀራ ስትጋግር መታት። በቃሬዛ አደረሷት፤ ደሟ ግን መንገድ ላይ አልቆ ነበር። ልጁ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። መንገድ ላይ ሲያየኝ አቀርቅሮ ያልፋል።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች፣ አያቶችም፣ ይህን ያዙልኝ፦

ካዝና ማውጣት ብቻውን አይበቃም፤ የጎረሰው ጥይት ውስጥ ይቀራል። እሱም ይውጣ። መሣሪያው ለብቻው፣ ጥይቱ ለብቻው ይቆለፍበት። «ልጁ ቃታ ለመሳብ አቅም የለውም» አትበሉ፤ በአንድ ጣት ያልቻለው በሁለት አውራ ጣቱ ይጫነዋል። የጭቃ ግድግዳም ጥይት አያቆምም፤ በጨለማ ወደ ኮቴ ድምፅ የሚተኩስ ሰው ጎረቤቱን ሊገድል ይችላል።

ክፉው ከደረሰ፣ በሚደማው ቁስል ላይ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ በሁለት እጅ አጥብቃችሁ ጫኑ። ጨርቁ ቢርስ ደርቡበት፣ አታንሱት። ቡና አትነስንሱበት። እየጫናችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ።

ልጄ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ተነሥቶ ጥይቱን አወጣ፤ ካዝናውን ሣጥን ውስጥ ቆለፈና ቁልፉን ለሚስቱ ሰጠ። ምራቴ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረችው። ለካ ስንት ሌሊት ፈርታ አድራለች!

እናንተም ዛሬ ማታ ልጆቹ ሳይተኙ ፍራሹን አንሡና እዩ።